መንገዱ ሰፍቶ ሰልፉ ያልጠፋው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው «ሲቲስ ስካይላይንስ» የከተማ ግንባታ የኮምፒውተር ጨዋታ ከፈጣን መንገዱ መውጫ ላይ የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ይቆማሉ። መንገዱን ባለ 6 መስመር ባደርገውም ለውጥ የለም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የሚያንቀው መንገዱ ሳይሆን መስቀለኛው ነው። ተሽከርካሪዎቹ ቀጥሎ ለሚታጠፉበት አቅጣጫ የሚሆነውን መስመር ገና ከሩቅ ይይዛሉ። ሁሉም ወደ ግራ የሚታጠፉ ከሆነ በአንድ አቅጣጫ ካሉት 3 መስመሮች አንዱ ይጨናነቃል፣ ሁለቱ ባዶ ይውላሉ። ማስፋቱ ገንዘብ ከመፍጀት በቀር ብዙም አይፈይድም።

መጀመሪያ ለኢንዱስትሪ ሰፈሩ ከፈጣን መንገዱ የራሱን መግቢያና መውጫ ይስጡት፤ ጭነቱ በመኖሪያ ሰፈር መሐል አይለፍ። ቀጥሎ በዋናው መንገድ ላይ ያሉትን መገናኛዎች ይቀንሱ። ትንንሾቹ መንገዶች በቀጥታ ዋናው ላይ አይግቡ፤ በመካከለኛ መንገድ ተሰብስበው በአንድ ቦታ ይውጡ። አደባባይም ይረዳል፣ መውጫዎቹ ከተቀራረቡ ግን ያው መልሶ ሰልፍ ነው።

ሰፈሩን እንደገና ሲያሰምሩ በትይዩ መንገዶች መካከል 8 ካሬ (ጨዋታው መሬቱን የሚከፍልበት ትንሽ አራት ማዕዘን) ይተዉ። ግንባታ ከመንገድ ዳር ከ4 ካሬ በላይ ስለማይዘልቅ፣ ከዚያ የተረፈው መሬት ጦም ያድራል።