ሹራቤን የመዘነው ማሽን

እንደምን ሰነበታችሁ ልጆች። ማራኪ አካባቢ ቡና ስጠጣ ተማሪዎች ያገኙኝና «ጋሼ፣ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ለመማር የግድ ውጭ መውጣት አለብን?» ይሉኛል። ሞለኪውሎችን በማሽን መዝኖ የመለየት ሙያ ማለታቸው ነው። ለማሽኑ ምናልባት። ሙያውን ግን እዚሁ ጎንደር ትጀምሩታላችሁ።

ሥራው ባጭሩ እንዲህ ነው። የደም ፕሮቲን ትሪፕሲን በሚባል ኢንዛይም ይቆራረጣል። ትሪፕሲን የሚቆርጠው ላይሲንና አርጂኒን የሚባሉት የፕሮቲን መገንቢያዎች (አሚኖ አሲዶች) ያሉበት ቦታ ስለሆነ፣ የየቁራጩ ክብደት አስቀድሞ ይሰላል። ማሽኑ ቁራጮቹን የኤሌክትሪክ ቻርጅ አስይዞ አየር በሌለበት ያበርራቸውና ይመዝናቸዋል። ከክብደታቸው ተነስተን የየትኛው ፕሮቲን እንደሆኑ እንለያለን።

ማሽኑ ግን አይመርጥም። የቅዳሜ ገበያ ሚዛን በርበሬውንም የተቀላቀለበትንም ሸክላ አብሮ ይመዝን የለ? ጀማሪ ሳለሁ ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ናሙና ኬራቲን በኬራቲን ሆኖ ወጣ። ኬራቲን የቆዳና የፀጉር ፕሮቲን ነው። አለቃዬ ምንም አላለችም፤ እጅጌዬን ብቻ አየት አደረገች። እናቴ ለብርዱ ብላ የሠራችልኝን የበግ ፀጉር ሹራብ ለብሼ ነበር። ለካ በግ ስመዝን ከርሜያለሁ!

በፈረንጆች ከ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚዎች አንዱ ኮይቺ ታናካ የተማረው ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነው። በስህተት ግሊሰሪንና የኮባልት ዱቄት ቀላቀለ፤ ከሚባክን ብሎ ሞከረው፣ ትልልቅ ሞለኪውሎች ሳይሰባበሩ በረሩለት። የኔ ስህተት ያተረፈው ሳቅ ብቻ ነው።

አሁን ወደኛው ነገር ልምጣ። ከመተማና ከሁመራ እርሻ ካላዛር በሚባል፣ ጣፊያን በሚያሳብጥ የጥገኛ ተሕዋስ በሽታ ታመው ወደ ጎንደር የሚመጡ የቀን ሠራተኞች አሉ። በሽታውን ለማረጋገጥ አንዳንዴ ጣፊያቸው በመርፌ ይወጋል፤ ሊደማ ይችላል፣ ያስፈራል። ይህን መርፌ የሚያስቀር ምልክት ደም ውስጥ ቢገኝስ? ችግሩ፣ በፕላዝማ፣ ማለትም በደም ፈሳሽ ክፍል፣ ካለው ፕሮቲን ግማሽ ያህሉ አልቡሚን የሚባል አንድ ፕሮቲን ነው። የምንፈልገው ከሥሩ ተደብቋል። ደሙ መንገድ ላይ ተንገላቶ ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱ ደግሞ የሴሎቹ ፕሮቲን ሄሞግሎቢን ይጨመርበታል። በሚሊዮን ብር የተገዛ ማሽን ይህን አይጠግነውም። ደሙን የቀዳችው ልጅ ግን ከመነሻው ልታስቀረው ትችላለች።

ስለዚህ ናሙና አያያዝ ተማሩ። ስንት ሰዓት ተቀዳ? ፕላዝማው መቼ ተለየ? በረዶ የሆነው ናሙና ስንቴ ቀለጠ? ስታቲስቲክስም አትሽሹ። ሺህ ፕሮቲን ስታወዳድሩ በአጋጣሚ ብቻ «የተለየ» የሚመስል አይጠፋም። ስንቱ ጎበዝ እዚህ ላይ ተሸውዷል!

መብራት የጠፋበትን ሰዓትም መዝግቡ። ደብተሩን ከነእስክሪብቶው ፍሪጁ ላይ በገመድ እሰሩት። ያልታሰረ እስክሪብቶ ላብራቶሪ ውስጥ አያድርም።