በቤት የሚሠራ የሳሙና መቁረጫ፦ ጥያቄና መልስ

ከፎርማ የወጣን የሳሙና ግንድ፣ ማለትም ገና ያልተቆራረጠ ረጅም ሳሙና፣ እኩል አድርጎ የሚቆርጥ መሣሪያ በአነስተኛ ወጪ እንዴት እንደሚሠራ ብዙዎቻችሁ በየተራ ስለጠየቃችሁኝ፣ ዛሬ ማታ ሁላችሁንም በአንድነት እመልሳለሁ። አናጢ ነኝ፤ እዚህ ደሴ ሳሙና መሥራት ከመጀመሬ በፊት በትርፍ ጊዜዬ ክራር እሠራ ነበር። አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ፦ የተወጠረ የብረት ሽቦ ሲበጠስ ዓይን ያጠፋል፤ ስትወጥሩም ሆነ ስትቆርጡ መነጽር አድርጉ።

ከወልድያ፦ ጋሼ፣ እስካሁን የምቆርጠው በወጥ ቤት ቢላ ነው። አንዱ ሳሙና ወፍራም ሌላው ቀጭን እየሆነ፣ ጠርዙም እየተሰነጠቀ ተቸግሬአለሁ። ባለኝ አቅም ምን ልሥራ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቢላ ጀርባው ወፍራም ስለሆነ ወደ ታች በገባ ቁጥር ሳሙናውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ ስንጥቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። የብረት መጋዝ ካለሽ ሥራው በግማሽ ተጠናቀቀ። ምላጩን አውጪና በቦታው ከጊታር አውታሮች ቀጭኑን፣ ማለትም ሌላ ሽቦ ያልተጠቀለለበትን፣ ውፍረቱ ከ0.25 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነውን ወጥሪበት። አውታሩ በአንድ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለበት አለው፤ ሌላውን ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፈሽ ስትስቢው ሸምቀቆ ይሆናል፤ ሸምቀቆውን በአንደኛው የመጋዙ ችንካር ላይ አጥልቂው። በወዲያኛው ችንካር ላይ ሽቦውን ሦስት ጊዜ ጠምጥመሽ ጫፉን በራሱ ላይ በፒንሳ ከጠመዘዝሽው በኋላ የመጋዙን ዳዶ አጥብቂ።

መቁረጫው እንዳይንሸራተት ደግሞ ከዋንዛ እንጨት ወለልና ሁለት ግድግዳ ያለው ሣጥን ሥሪ፤ ውስጡ ከግንዱ በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይስፋ። ብዙዎች በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ሽቦው የሚወርድበት ስንጥቅ ያወጡለታል፤ እኔ ግን አንድ ስንጥቅ ብቻ አወጣለሁ። ስንጥቁ በስኳድራ ተለክቶ ሁለቱንም ግድግዳዎች ቀጥ ብሎ ይሰንጥቅ፤ ወለሉንም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይጫረው፤ አለበለዚያ ሽቦው የሳሙናውን የታችኛውን ጠርዝ ሳይጨርስ ይቀራል። ከስንጥቁ 2.5 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚቆም እንጨት በብሎን እሰሪ፤ ግንዱ እስከዚያ ድረስ ይገፋል፣ ይቆረጣል፣ እንደገና ይገፋል። ስሕተት ቢኖር እንኳ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ስለሚሆን ሳሙናዎቹ እኩል ናቸው። የመጋዝ ስንጥቅ ከሽቦው ስለሚሰፋ ሽቦውን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን አስጠግተሽ አውርጂው። ርዝመቱ 25፣ ወርዱ 6፣ ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ 10 ሳሙና ይወጣዋል፤ እያንዳንዱም ሳይደርቅ 120 ግራም ያህል ይመዝናል። የመጋዙ ጀርባ ከግንዱ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ሣጥኑን ሰፋ አድርገሽ ግንዱን በጎኑ አስተኚው።

ከሐይቅ፦ እኛ ዘንድ የዓሣ ማጥመጃ ክር በሽ በሽ ነው። ናይለኑ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፤ ይለጠጣል።

ከኮምቦልቻ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ዓመት ሙሉ የቆረጥሁት በዓሣ ክር ነው፤ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ከከሚሴ፦ የእርስዎ ሳሙና በኑግ ዘይት የተሠራ ለስላሳ ስለሆነ ነው። እኔ በሞራ የተሠራውን ብሞክርበት ክሩ እንደ ቀስት ጎብጦ መሐል ላይ ቆመ።

ከኮምቦልቻ፦ ሞራማ ይሸታል፤ ማን ይገዛዎታል?

ከከሚሴ፦ የሚሸተው በወጉ ቀልጦ ያልተጣራ ሞራ ነው። የእኔን ሳሙና አሽትተው ያውቃሉ?

መልስ፦ የሞራና የዘይትን ክርክር ሌላ ጊዜ እናድርገው። ለስላሳ ሳሙና በዓሣ ክር ይቆረጣል፤ ጠንካራው አይቆረጥም፤ ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት። መቁረጫ የሚሠራ ሰው ግን ለጠንካራው ይሥራ።

ከሐይቅ፦ እሺ፣ የግንበኞች ማሰሪያ ሽቦስ? የመብራት ሽቦስ? ክፈፉንስ ከአሉሚኒየም ባደርገው?

መልስ፦ የማሰሪያ ሽቦ ልል ነው፤ ዝገቱም ሳሙናውን ያቆሽሻል። የመብራቱ መዳብ ሳሙናው ቶሎ እንዲበላሽ ያደርጋል። አሉሚኒየምን ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገው ኮስቲክ ሶዳ ይበላዋል፤ አዲስ ሳሙና ውስጥ ደግሞ ሥራውን ያልጨረሰ ሶዳ አለ። ስለዚህ ሦስቱም ይቅሩ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ እኔ 10 ሽቦ በአንድ ክፈፍ ወጥሬ ግንዱን በአንድ ጊዜ መቁረጥ ነው የምፈልገው።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ 10 ሳሙና ለማውጣት የሚያስፈልገው 9 ሽቦ ነው። ክፈፉን ከ20 በ20 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ አስበይደው፤ ቀጭን እንጨት ይህን ሁሉ ውጥረት አይችልም። የእያንዳንዱን ሽቦ አንድ ጫፍ በቋሚ ችንካር፣ ሌላውን በባለ ቀለበት ብሎን ያዘው፤ ብሎኑ በቱቦላሬው ቀዳዳ አልፎ ከውጭ በዳዶ ሲጠብቅ ሽቦውን ይስባል። ክፈፉን በግንዱ ርዝመት ትይዩ በበር ማጠፊያ ከወለሉ ጋር አገናኘው፤ ያን ጊዜ ሽቦው በሳሙናው ወርድ ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከጠርዙ ጀምሮ ስለሚገባ ጉልበት አይጠይቅም። በወለሉም ላይ ሽቦዎቹ የሚወርዱባቸው 9 ስንጥቆች ይኑሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመጀመሪያውን ሽቦ አጥብቀህ ወደ ሁለተኛው ስትሄድ ክፈፉ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ስለሚጎብጥ የመጀመሪያው ይላላል፤ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የወጠርሃቸው ሁሉ ረግበው ታገኛቸዋለህ። ክራር የቃኘ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አንዱን አውታር ስታከር ቀንበሩ ይሳብና ሌሎቹ ይወርዳሉ። ስለዚህ ከመሐለኛው ጀምረህ ወደ ዳር እየወጣህ፣ በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም በከፊል፣ በሁለተኛው ይበልጥ፣ በሦስተኛው እስከ መጨረሻው አጥብቅ። እኩልነቱን በዓይን አትለካውም፤ በጣትህ እየነካህ አዳምጥ። ውፍረታቸውና ርዝመታቸው አንድ የሆኑ ሽቦዎች አንድ ዓይነት ድምፅ ከሰጡ ውጥረታቸው እኩል ነው። የላላው ሽቦ በሳሙናው ውስጥ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ሳሙናህም በአንድ ወገን እንደ ሽብልቅ ይቀጥናል። ነገር ግን ጠበቅ ይበል ብለህ ድምፁን ያለ ልክ አታቅጥነው፤ ንዝረቱ እጥፍ እንዲሆን ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ ሽቦው ከዚያ በፊት ሊበጠስ ይችላል። መነጽሩን አትርሳ።

ከባቲ፦ እንግዲያውስ በባቲ ቅኝት እንወጥረው!

ከአምባሰል፦ በአምባሰል ካልሆነማ ልብሱም አይጠራ።

ከባቲ፦ ይህን የሚፈርደው ደሴ ሳይሆን ክራሩ ነው።

መልስ፦ ቅኝት አያስፈልገውም፤ ዘጠኙም አንድ ድምፅ ይስጡ። በቅኝት ከወጠራችሁት ሳሙናው እንደ ዜማው ከፍና ዝቅ ይላል።

ከደሴ፦ ከተፈሰሰ በኋላ መቼ ነው የሚቆረጠው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፤ ሆኖም ከሰዓቱ ይልቅ ጣትን እመኑ። ጓንት አድርጋችሁ ጠርዙን ስትጫኑት ምልክት የሚይዝ ግን የማይሰረጉድ፣ በደሴ ብርድ እንዳደረ ቅቤ የጸና ከሆነ ደርሷል። ሽቦው ላይ ከተጣበቀ ገና ነው፤ ከተፈረፈረ አልፎበታል። ደሴ ላይ ሁለት ቀን የፈጀብኝ ሳሙና ኮምቦልቻ ወርጄ ስሠራው በአንድ ቀን ደርሷል። የሞራ ሳሙና ቶሎ ይጠነክራልና ቀደም ብላችሁ ፈትሹት። ከተቆረጠ በኋላም ከ4 እስከ 6 ሳምንት አየር ላይ ይቆያል።

ከመርሳ፦ ሣጥኑን በባሕር ዛፍ ብሠራውስ?

መልስ፦ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ስንጥቁም አብሮ ይጣመማል። ዋንዛ ከጠፋ በሚገባ የደረቀ ጽድ ይሁን።

ከወረኢሉ፦ ሁሉም በድምሩ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም፤ ዛሬ የተናገርሁት ነገ ውሸት ይሆናል።

ከሐይቅ፦ ስንት ቀን ቆይቼ ልቁረጥ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ እባክዎ ያንብቡት።

ከኮምቦልቻ፦ የእኔ ሳሙና አልሆነም፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ ነው ያልሆነው? ተፈረፈረ፣ ተጣበቀ፣ ወይስ ተጣመመ? ዘይቱስ ምንድን ነው? ካፈሰሱት ስንት ሰዓት ሆነው? ይህን ሳይነግሩኝ ልመልስ አልችልም።

ከወልድያ፦ ጋሼ፣ መጋዙ ከቤት ስለነበረ እርስዎ እንዳሉት ሠርቼ አሁን ቆረጥሁ። ስምንቱ አምረዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ከታች ቀጥነዋል።

መልስ፦ ሽቦውን በጣትሽ ንኪው፤ ምን ዓይነት ድምፅ ይሰጣል?

ከወልድያ፦ ድብ ድብ ይላል።

መልስ፦ ሥራ ላይ ረግቧል፤ ችንካሩ ላይ የጠመጠምሽው ተንሸራትቶ ይሆናል። ዳዶውን አንድ ዙር ጨምሪና ጥርት ብሎ ሲጮኽ አቁሚ። መነጽር አድርገሽ ነው አይደል?

ከወልድያ፦ የወንድሜን የበያጅ መነጽር ተውሻለሁ።

መልስ፦ ጥቁሩን ከሆነ መስመሩ አይታይሽም፤ ነጩን ስጠኝ በይው።