«እኛ በዓል አናከብርም» ለምትሉ ወገኖቼ

አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። የወንጌል አማኝ ነኝ። አዲስ መጪዎችን ኤርፖርት ተቀብያለሁ፣ ቤትም አብሬ ፈልጌአለሁ። እንደኔው የወንጌል አማኝ የሆናችሁ ወገኖቼ ገና፣ ፋሲካና መስቀል በመጣ ቁጥር «አናከብርም» ስትሉ ስለሚያንገበግበኝ ዛሬ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ።

1. የፈቃድ ነገር

«ሥራ አይፈቅድልንም» ለምትሉ፦ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ ሥራውን ክፉኛ ካልጎዳበት በቀር፣ ለሃይማኖት በዓላችሁ ፈረቃ ሊያመቻችላችሁ ይገባል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ፋሲካ ስለሚለዋወጥ ካላንደር እዩ። አለቀ።

2. «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለም»

«ገናን አክብሩ የሚል ጥቅስ አሳየን» ትሉኛላችሁ። የለም። ጌታ የተወለደበት ቀንም አልተጻፈም። አታክብሩ የሚልም ግን የለም። ዮሐንስ 10፥22ን አንብቡ። ጌታ በመቅደስ መታደስ በዓል ኢየሩሳሌም ነበር። ያ በዓል በሙሴ ሕግ የታዘዘ አይደለም፤ በመቃብያን ዘመን የመጣ ነው። ጳውሎስም በሮሜ 14 ቀን ስለሚለይና ስለማይለይ ሰው ሲጽፍ «እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ» ነው ያለው። ኅሊናችሁ ካልፈቀደ አታክብሩ፣ ማንም አያስገድዳችሁም። ያከበረውን ግን ጣዖት አምላኪ አትበሉት።

እምቢ የሚባልማ አለ። ለዛር የሚታረድ ገብስማ ዶሮ፣ ለአድባር ዛፍ የሚቀባ ቅቤ። እዚህ ላይ አልደራደርም፤ የኦርቶዶክስ ካህናትም ያወግዙታል። እናታችሁ ጾመ ነቢያትን ጾመው ለመፍሰኪያ የሠሩት ዶሮ ወጥ ግን ከዛር ጋር ምን አገናኘው? አገር ቤት መካነ ኢየሱስም ሙሉ ወንጌልም ገናንና ትንሣኤን ከሕዝቡ ጋር ያከብራሉ። እናንተ ይህን ጥብቅነት ከየት አመጣችሁት?

3. ልጆቹ

ደመራ ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ መስከረም 16 ቀን ልጁን ቤት የዘጋበት አባት አውቃለሁ። ኦክቶበር 31 ሲመጣ ያንኑ ልጅ የአጽም ልብስ አልብሶ በየደጁ ከረሜላ ሲያስለምነው አየሁት። ስጠይቀው «ከጓደኞቹ እንዳይለይብኝ ብዬ ነው» አለኝ። ከአያቱ ሲለይስ?

አንድ የገና ዋዜማ እዚያው ቤት ተቀምጬ ስልክ ጠራ። አያትየው ናቸው፣ በቪዲዮ። እዚህ ቀትር ነው፣ እዚያ መሽቷል። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጡ ነው። «እንኳን አደረሰህ የኔ ጌታ» አሉት ልጁን። ልጁ አባቱን ቀና ብሎ አየ፤ ምን እንደሚመለስ አያውቅም። አባትየው ስልኩን ቀበል አድርጎ «እማዬ፣ እኛ እኮ አናከብርም» አላቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ይሁን፣ በሉ ደህና ሁኑ» ብለው ዘጉት። ያ ዝምታቸው እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» ማለት እምነት መካድ ነው እንዴ? ሴትዮዋ ልጅ አሳድገው፣ ዲቪው ሲወጣለት ወርቃቸውን ሸጠው የላኩ ናቸው። በዓመት ሁለት ሦስቴ የልጅ ልጃቸውን ድምፅ ቢሰሙ ምን ይጎድልብናል?

ደመራው ጋ አልሄድም ካላችሁ አትሂዱ፤ ልጁ ግን ለምን እንደሚለኮስ ይወቅ። ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ስትፈልግ ጢሱ እንደመራት የሚነገረውን ንገሩት። ግማደ መስቀሉ ግሸን ማርያም መጣ መባሉንም ንገሩት። አያቶቹ ያሳለፉት ታሪክ ነው፤ የመስቀል በዓል በ2013 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። የውጭ ሰው የመዘገበውን የራሳችን ልጅ አያውቀውም! ቤተ እስራኤላውያንን እዩ። ስግድ የሚባለውን በዓላቸውን ይዘው እስራኤል ገቡ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ፓርላማ ብሔራዊ በዓል አደረገው። የእኛ ልጆች ግን ምን ይዘው ያድጋሉ? የገና አባትና የዋጋ ቅናሽ?

ስለዚህ ለመጪው ገና ዋዜማ እናንተ ቀድማችሁ ለአያቶቹ ደውሉ። በምሥራቅ አሜሪካ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳይወጡ ድረሱባቸው። ስልኩን ለልጁ ስጡት፣ እናንተ አትናገሩለት። ሉቃስ 2ን ከቁጥር 8 እስከ 14 በአማርኛ ያንብብላቸው። ከአንድ ወር በፊት ጀምራችሁ አለማምዱት። ፊደሉን ካልቻለ በቃሉ ያጥና። ይህን የሚከለክል ቄስም ፓስተርም የለም።