አይ ኢ ፒ ያለው ልጅ ሃይስኩል ሲገባ፦ «እናስወጣው ወይ?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ነው። የንባብ ችግር ስላለበት አይ ኢ ፒ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ለልጁ ብቻ የሚያዘጋጀው የድጋፍ እቅድ፣ አለው። በሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ሃይስኩል ይገባል። ባለቤትሽ «ስፔሻል ኢድ (ልዩ ድጋፍ የሚሰጥበት ትምህርት) የሚለው ስም ኮሌጅ ድረስ ይከተለዋል፣ አሁኑኑ እናስወጣው» ይላል። አንቺ ደግሞ ድጋፉ ከቀረ ልጁ ይወድቃል ብለሽ ፈርተሻል። የኔ ልጅ ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር አለበት። እዚሁ ሜሪላንድ ከአይ ኢ ፒው ጋር ሃይስኩል ጨርሶ አሁን ኮሌጅ እየተማረ ነው። ከዚያ ተነስቼ ልመልስልሽ።

አታስወጪው።

መጀመሪያ መውጣት ማለት ምን እንደሆነ ባለቤትሽ ይወቅ። ወላጅ በጽሑፍ «ፈቃዴን አንስቻለሁ» ካለ ትምህርት ቤቱ ሁሉንም አገልግሎት ያቆማል። «ስፒቹ (የንግግር ሕክምናው) ይቅር፣ የፈተና ተጨማሪ ሰዓቱ ይቆይልኝ» ብሎ ነገር የለም። ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ደግሞ ካቆማችሁበት አትቀጥሉም፤ እንደ አዲስ ልጅ ከምርመራው ትጀምራላችሁ። ሌላም አለ። አይ ኢ ፒ ያለው ልጅ አጥፍቶ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ሊባረር ሲል፣ ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ተሰብስቦ «ይሄ ጥፋት የመጣው ከችግሩ ነው ወይ?» ብሎ መመርመር አለበት። ፈቃዱ ከተነሳ ይሄ ጥበቃም አብሮ ይሄዳል። ወንድ ልጅ፣ ያውም ጥቁር ወንድ ልጅ አሜሪካ ሃይስኩል ስናስገባ ይሄን ጥበቃ በገዛ እጃችን አንጥልም።

ስሙን በተመለከተ፣ ኮሌጅ የሚላከው ትራንስክሪፕት ላይ ልጁ ስፔሻል ኢድ እንደነበር አይጻፍም። ኮሌጅ ሲገባ መናገር አለመናገር የራሱ ውሳኔ ነው። «ሰው ምን ይላል» የሚለውም ይገባኛል። ለቅሶ ቤትና ቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ ሕዝብ ነን፣ ወሬ ይሮጣል። ነገር ግን ልጅሽ በየቀኑ ለሰባት ሰዓት ያህል የሚቀመጠው ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ማንበብ አቅቶት «ሰነፍ» የሚለው ስም ቢወጣለት ያ ነው ተከትሎት የሚቀረው።

ደግሞ ይሄ የቸርነት ጉዳይ አይደለም። አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ማስተማር የሚያስገድደው የአሜሪካ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ትምህርት ቤቶች አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች «አንቀበልም» ይሉ ነበር። ዛሬ ማንኛውም የሕዝብ ትምህርት ቤት ለልጁ የሚስማማውን ትምህርት በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ከመኖሪያ ወረቀታችሁ ጋርም አይገናኝም። ይሄን የምጽፈው አንቺ ባትጠይቂውም በውስጥ መስመር በዚህ ምክንያት ፈርተው የሚጽፉልኝ ስላሉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ድጋፉ ሃይስኩልም ይቀጥላል፣ ግን በራሱ አይሄድም። ኤለመንተሪ እያለ አንድ አስተማሪ ሁሉንም ታውቅለት ነበር። ሃይስኩል በየትምህርቱ አስተማሪው ይለያያል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ሁሉም አንብበውታል ብለሽ አትመኚ። የኔ ልጅ ዘጠነኛ እንደገባ በአይ ኢ ፒው ተጨማሪ ሰዓት ተጽፎለት ሳለ የሒሳብ አስተማሪው ደወል ሲደወል ወረቀቱን ሰብስቦበታል። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፣ ጭራሽ አልተነገረውም። አይ ኢ ፒውን ለሚከታተለው የትምህርት ቤቱ ሰው፣ ለኬዝ ማናጀሩ፣ ኢሜይል ጻፍኩ። «ለሁሉም አስተማሪዎቹ የተፈቀዱለት ነገሮች እንዲደርሷቸው፣ መድረሳቸውንም እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ» አልኩ። በስልክ ሳይሆን በኢሜይል፤ ምክንያቱም የተጻፈ ነገር ይቀራል። ከዚያ ወዲህ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ያንኑ ኢሜይል እልክ ነበር።

በቃል የተባለ ሁሉ ውሃ የሚበላው ነው። ስብሰባ ላይ «አይዞሽ፣ እንረዳዋለን» ይሉሻል፣ ከልባቸውም ነው። ግን አስተማሪ ይቀየራል፣ ኬዝ ማናጀር ይለቃል። አዲስ የመጣው ሰው የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ነው። ስለዚህ «ጎል» የሚለውን፣ ልጁ የሚደርስበት ግብ የሚጻፍበትን ገጽ አጥብቀሽ ያዢው። የኔ ልጅ የመጀመሪያ ረቂቅ «ተማሪው የንባብ ችሎታውን ያሻሽላል» ይል ነበር። ስንት? እስከ መቼ? በምን ይለካል? አልፈርምም ሳልል ረጋ ብዬ ይሄንኑ ጠየቅኩ። ተነጋግረን ወደዚህ መጣ፦ የዘጠነኛ ክፍል ጽሑፍ ኮምፒውተሩ እያነበበለት፣ ዋናውን ሐሳብና ሁለት ማስረጃዎችን ከአምስት ጊዜ አራቱን በትክክል ለይቶ ይጽፋል። በየሩብ ዓመቱ «በቂ እድገት እያሳየ ነው» የሚል ወረቀት ሲመጣ ከአምስት ስንቱን እንዳገኘ መጠየቅ ቻልኩ። «ትንሽም ቢሆን እየተማረ ነው» ቢሉሽ ደግሞ እወቂ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ለስሙ ያህል የሆነ እድገት አይበቃም፣ እቅዱ ልጁ እንደ ሁኔታው ተገቢ እድገት እንዲያሳይ የሚያደርግ መሆን አለበት ብሎ ወስኗል።

ከሁሉም በላይ ነቅተሽ የምትጠብቂው ግን ዲፕሎማ ነው ወይስ ሰርቲፊኬት የሚለውን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ስፔሻል ኢድ ያለ ልጅ በሁለት መንገድ ይጨርሳል። አንደኛው ክሬዲቱን (ካለፋቸው ትምህርቶች የሚያገኘውን ነጥብ) ሞልቶ እንደ ማንኛውም ተማሪ ዲፕሎማ መውሰድ ነው። ሁለተኛው የፕሮግራም ማጠናቀቂያ ሰርቲፊኬት ነው፤ ይሄ ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች የታሰበ ነው፣ እንደ ዲፕሎማም አይቆጠርም። ልጅን ክሬዲት ወደማይሰጠው ፕሮግራም ለማዛወር፣ ወይም ለየት ያለውን አማራጭ ፈተና እንዲወስድ ለማድረግ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ከስብሰባው በኋላ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እሺም እንቢም ሳትዪ ከቀረሽ ትምህርት ቤቱ ወደፊት መሄድ ይችላል። እኛ «ዝም አይነቅዝም» ብለን ያደግን ነን፤ እዚህ ግን ዝምታ እንደ ፊርማ ሊቆጠር ይችላል። ካልተስማማሽ በዚያው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ «አልፈቅድም» በዪ።

ሰርቲፊኬት ውርደት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ጎረቤቴ ኦቲዝም ያለባት ሴት ልጅ አለቻት፣ ንግግሯ በጣም ጥቂት ነው። ለእሷ ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነበር። 21 ዓመት የሚሞላበት የትምህርት ዓመት እስኪያልቅ ትምህርት ቤት መቆየት ትችላለች። አውቶቡስ መያዝ፣ ሱቅ ገብቶ መክፈል፣ የሥራ ቦታ ልምምድ ሁሉ የትምህርቷ አካል ሆነ። ዲፕሎማ የተቀበለ ልጅ ግን የአይ ኢ ፒ መብቱ በዚያው ቀን ያበቃል። የልጅሽ ችግር ንባብ ከሆነ መንገዱ ዲፕሎማ ነው። ስምንተኛ እያለ «ልጄ የዲፕሎማ መንገድ ላይ ነው?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂና መልሱን ወረቀቱ ላይ አሳዪኝ በዪ።

ስለ ቋንቋ። ሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ይበቃኝ ነበር፣ ስብሰባው ላይ ግን አስተርጓሚ ጠየቅኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሳይኮሎጂስቱም፣ ስፒች ቴራፒስቷም፣ አስተማሪዎቹም በየራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ። አስተርጓሚ ማቅረብ የነሱ ግዴታ ነው፣ አትከፍዪም። ልጅሽን አታስተርጉሚው። ስለ ራሱ ድክመት ለእናቱ እየተረጎመ መቀመጥ ለማንም ልጅ አይገባም። ረቂቁና የምርመራ ውጤቶቹ ከስብሰባው ቢያንስ 5 የሥራ ቀን ቀድመው እንዲደርሱሽ የሜሪላንድ ሕግ ያዛል። ካልደረሱሽ ስብሰባው ይዛወርልኝ ማለት ትችያለሽ። ያለቀውን አይ ኢ ፒም በአማርኛ ተርጉሙልኝ በዪ። ቋንቋው ከካውንቲው ተማሪዎች ከ1 በመቶ በላይ በሚሆኑት የሚነገር ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ ተርጉመው መስጠት አለባቸው። ሞንጎመሪ ደግሞ ለወላጅ የሚያወጣቸውን ጽሑፎች ወደ አማርኛ የሚተረጉም ካውንቲ ነው።

ልጅሽ 14 ሲሞላው አይ ኢ ፒው ላይ «ትራንዚሽን» የሚባል ክፍል ይጨመራል። ከሃይስኩል በኋላ ምን መማር፣ ምን መሥራት እንደሚፈልግ የሚጻፍበት ነው። ብዙ ጊዜ ለይምሰል ይሞላል። ልጁ ራሱ ስብሰባው ላይ ይቀመጥና ይናገር። የኔው መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚቀመጠው። አሥራ አንደኛ ሲደርስ «ጮክ ብዬ እንዳነብ በክፍል ፊት አትጥሩኝ፣ ከፈለጋችሁ ብቻዬን ጠይቁኝ» ብሎ በራሱ አፍ ተናገረ፣ ያም ተጻፈ። ይሄ ኮሌጅ ላይ ጠቅሞታል። ኮሌጅ አይ ኢ ፒ የሚባል ነገር የለም። ተማሪው ራሱ የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ሄዶ ወረቀቱን አቅርቦ መጠየቅ አለበት፤ እናት አትደውልለትም።

ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። ኤስ ኤ ቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚወስድ ከሆነ ተጨማሪ ሰዓቱ በራሱ አይሰጠውም። በትምህርት ቤቱ በኩል ፈተናውን ለሚያዘጋጀው ለኮሌጅ ቦርድ ማመልከት ያስፈልጋል፣ መልሱም እስከ ሰባት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ሌላው ዶርስ የሚባለው የሜሪላንድ የሥራና ተሃድሶ መሥሪያ ቤት ነው። ከ14 ዓመት ጀምሮ ላሉ አካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች የሥራ ዝግጅት ድጋፍ ይሰጣል። የትምህርት ቤቱን ካውንስለር ጠይቂው።

ከሰኔ በፊት ኬዝ ማናጀሩ ሃይስኩል ካሉት ጋር የሽግግር ስብሰባ እንዲጠራ በኢሜይል ጠይቂ። ምክር ካስፈለገሽ ፓረንትስ ፕሌስ ኦፍ ሜሪላንድ የሚባለው ድርጅት ለወላጆች በነጻ ያግዛል። ረቂቁ ሲደርስሽ ደግሞ የልጁን ስም ሸፍነሽ የጎሉን ገጽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።