የሌሊት ወፍ ሳጥን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ግቢ ውስጥ ለሌሊት ወፍ መጠለያ የሚሆን የእንጨት ሳጥን ስለመስቀል ሁለት አንቀጽ ብጽፍ ደብዳቤ ጎረፈልኝ። ግማሹ ስድብ ነው፤ የቀረውን እነሆ።

ሳጥኑ ውስጥ ገለባ ላንጥፍላት? ጥሬስ ላስቀምጥ?

ዶሮ አይደለችም። ምንም አያስገቡ።

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንባቢ ሳጥን ገዝተው፣ ውስጡን ሳይቀር ቀለም ቀብተው፣ ጥላ ያለው ትልቅ ዛፍ ላይ ከሰቀሉት ሁለት ዓመት ሆነው። እስካሁን የመጣ እንግዳ የለም። «ተታለልኩ?» ይላሉ።

አልተታለሉም፤ ቦታው ነው የከፋው። እዚያ ሳጥን የሚፈልጉት በአብዛኛው ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው፤ የሚሹትም ሙቀት ነው። የቤቱ ግድግዳ ወይም ምሰሶ ላይ፣ ከመሬት 4 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይስቀሉት፤ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኘው። ውስጡ የተቀባውን ሳጥን ግን አይጠቀሙበት። ሽታው ያባርራታል፣ ልስላሴውም ለጥፍር አይመችም። ያልተላገ ጣውላ፣ ከታች 2 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ስንጥቅ፣ ከዚያ ትዕግሥት። መሰላል ካልለመዱ የለመደ ሰው ይጥሩ።

አንዲት የአዲስ አበባ እመቤት ኮርኒሳቸው ሌሊቱን ሲንጫጫ ያድራል። ባለቤታቸው «አይጥ ነው» ብለው መርዝ ገዝተዋል፤ እርሳቸው የሌሊት ወፍ ጠርጥረው ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሊያስደፍኑ ነው።

መርዙም ሲሚንቶውም ይቆዩ። መጀመሪያ ኩሱን በእንጨት ጫፍ ይጫኑት። የደረቀ የአይጥ ኩስ ጠንካራ ነው፤ የሌሊት ወፍ ኩስ ግን ይፈረፈርና የነፍሳት ክንፍ ስብርባሪ ያብለጨልጫል። ትናንት አምፖልዎን ስትዞር ያመሸችው የእሳት ራት እዚያ ውስጥ አለች።

እኔም አንድ ጊዜ ሳላጣራ ቀዳዳ አስደፍኛለሁ። እናቶቹ ለአደን ወጥተው ነበር፤ ግልገሎቹ ውስጥ ቀሩ። ለሁለት ሌሊት ቀጭን ሲርሲርታ ተሰማ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ ሽታው መጣ። የሌሊት ወፍ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ያጠፋሁትን ስንት ዓመት እንደሚተካው ይቁጠሩት።

ስለዚህ ሲመሽ ሻይዎን ይዘው ግቢ ይቁሙ፤ ከየትኛው የቆርቆሮ ጫፍ እንደሚወጡ ይዩ። ሳጥኑን እዚያው አጠገብ ሰቅለው ጥቂት ሳምንታት ያላምዷቸው። ግልገል በሌለበት ጊዜ ቀዳዳው ላይ ከታች ክፍት የሆነ መረብ ይንጠልጠል፤ ተንሸራታ ትወጣለች፣ መመለስ ግን አትችልም። ከሳምንት በኋላ ሲሚንቶዎን ያስቦኩ። ኩሱን ሲያጸዱ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ውሃ ይርጩበት፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል።

«ልጄ የወደቀች የሌሊት ወፍ በእጁ አነሳ። የተነከሰበት ምልክት አላየሁም፤ ልተወው?»

አይተዉት! ጥርሷ ትንሽ ስለሆነ ንክሻው ላይታይ ይችላል። እጁን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ነገ አይበሉ። አብዛኞቹ የሌሊት ወፎች ጤነኞች ናቸው፤ ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ አይመጣም፣ ምልክቱ ከታየ በኋላም የሚያድን መድኃኒት የለውም። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት ከክትባቱ በፊት አይቅደም። ከእንግዲህ የወደቀች ካዩ በባዶ እጅ አይንኩ።

«መጽሐፍ ከወፎች ጋር ይቆጥራታል፤ እርስዎ ልጇን ጡት ታጠባለች ብለው ጽፈዋል። ማንን እንመን?»

ዘሌዋውያን 11፥19 የሚናገረው ስለማይበላው ነው። ሊበሏት አስበው ነበር?