ሦስተኛውን ትምህርት በስልክ ስሙት

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ የክራር ኮርሴን እንደገና ልለቀው ነው። ስሙን ልቀይር ወይስ ዋጋውን ልቀንስ?» አዲሱን ሎጎም በሦስት ዓይነት ቀለም ልኮልኛል። ሃያ ሦስት ሰው ገዝቶት እንደነበር የነገረኝ መጨረሻ ላይ፣ እግረ መንገዱን ነው። «ሃያ ሦስቱ ምን አሉህ?» ስለው ዝም አለ። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ፤ እኔም ጋ ነበረች።

እኔ የማስተምረው በገና ነው። ኮርሴን መጀመሪያ የለቀቅኩት ሰኔ 2012 ነበር። ኮሮና ገብቶ ተማሪ ቤቴ መምጣት ሲያቆም፣ ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ዘግቼ አስራ ስምንት ቪዲዮ ቀረጽኩ። ወሩ ሳያልቅ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሳምንታት ቆየ። የገዛው አስራ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥፋቱን ኢንተርኔቱ ላይ እያላከክኩ ከረምኩ። ለነገሩ ፋሲካ ካለፈ በኋላ በገና ማን ያስታውሳል።

ከአስራ አንዱ አንዷ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እናት ነበረች። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች። በገናውን ዘመድ ነው ከዚህ ተሸክሞ የወሰደላት፣ ገንዘቡን ደግሞ እህቷ እዚህ በባንክ አስገባችልኝ። ጠዋት ከሥራ ስትገባ፣ ልጆቿ ሳይነሱ፣ ትንሽ ትለማመዳለች። ላፕቶፑ የልጆቹ ነው፤ እሷ የምታየው በስልኳ ነው። ይህንን ሁሉ በድምፅ መልእክት ነግራኛለች፣ እኔ ግን ያዳመጥኩት ለመጨረስ ያህል ነበር። ጥያቄዋ ይሄ ነው፦ «መምህር፣ ሦስተኛው ትምህርት ላይ አራተኛው አውታር ምን እንደሚል አልሰማ አለኝ። እኔ ጋ ዝዝዝ ብቻ ነው የሚለው።»

«ደግመሽ እይው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል» ብዬ መለስኩላት። መምህሬ እኔን አንድ ወር ሙሉ መቃኘት ብቻ ነው ያስደረጉኝ፣ አንዲት መዝሙር ሳያስነኩኝ፤ እና ትዕግሥት ስል ትልቅ ነገር የተናገርኩ መስሎኛል። እሳቸው ግን አጠገቤ ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ «ስቃኝ ተበጠሰብኝ» ብላ ላከች። የበግ አንጀት አውታር ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ከየት ታመጣለች? አልመለስኩላትም። ኮርሱን እንደገና ለመልቀቅ ተፍ ተፍ እያልኩ ነበራ!

የካቲት 2013፣ ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ለቀቅኩት። ነጠላ አጣፍቼ፣ ከጎኔ ጧፍ አብርቼ ፎቶ ተነሳሁ። ስሙን ቀየርኩ። ዶላር ካርድ ያለው ልጅ ፈልጌ ፌስቡክ ላይ በክፍያ ማስታወቂያ አስነገርኩ፤ ሠላሳ ሺህ ብር ጨረስኩ። ሰባት ሰው ገዛ። ሦስቱ ስለ ሦስተኛው ትምህርት ጠየቁኝ። አሁንም አልገባኝም።

የገባኝ በ2014 ክረምት ነው። የእህቴ ልጅ ምሳ ላይ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ቪዲዮዬን ከፈተችው። «አጎቴ፣ ንብ ነው እንዴ?» አለች። እኔ ያንን ድምፅ ያስተካከልኩት በትልቅ ሄድፎን ነው። የስልክ ስፒከር ደግሞ ያን ያህል ወፍራም ድምፅ ማውጣት አይችልም። ከበገናዬ የቀረው የእንዚራው፣ ከአውታሩ ሥር የምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ ንዝረት ብቻ ነበር። ያቺ ሴት ንብ እየሰማች ነው በገና ስትቃኝ የከረመችው።

ሦስተኛውን ትምህርት በአንድ ከሰዓት ደግሜ ቀረጽኩት። አስሩ አውታር ሁሉ አይመታም፣ የሚመቱት አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ስድስተኛ፣ ስምንተኛና አስረኛ ናቸው። ከእያንዳንዱ በፊት ድምፁን ቀጠን አድርጌ በአፌ አዜምኩት፣ «ኢርፎን አድርጉ» የሚል ጽሑፍም ጨመርኩ። አንድ ብር አልወጣብኝም። ለእሷም ላክሁላት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር፣ በገናውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቼዋለሁ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጻፈችም።

ስለዚህ ልጄ፣ ለሃያ ሦስቱም ደውል። ቴክስት አይደለም፣ ደውል። የት ላይ እንዳቆሙ ጠይቃቸው፤ ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቆሙት። ያንን ሳታስተካክል ስም ብትቀይር ያው ኮርስ ነው። የዛሬ ልጆች ከዕቃው ይልቅ መጠቅለያው ላይ ትደክማላችሁ፤ ማን ይሆን ነጠላ አጣፍቶ ፎቶ የተነሳው እንዳትሉኝ ብቻ። ቪዲዮ አቆራረጣችሁ ግን ከኔ በሺህ እጅ ይበልጣል።

ዋጋ አትቀንስ። እኔ ግማሹን በነጻ ነው የሰጠሁት፣ ካህን ሲጠይቀኝ እምቢ አልልም፣ ተማሪም ከሆነ… እንግዲህ አንተ የኔን አትይ። ውጭ ላለውና እዚህ ላለው ግን ሁለት ዋጋ ይኑርህ። ብሩ በ2016 ክረምት ከወረደ ወዲህ በዶላር ቀላል የሆነው ዋጋ እዚህ ሲመነዘር ወገብ ይቆርጣል።

ሁዳዴም ኮርስ የሚለቀቅበት ጊዜ አይደለም፤ ሁሉም በገና የሚያስታውሰው ያኔ ቢሆንም። ጾሙ 55 ቀን ነው፣ ጀማሪ ጣቱ እስኪፈታ ፋሲካ ይደርሳል። አሁን የምለቀው ኅዳር ላይ ነው፣ ጾመ ነቢያት ሲገባ፣ ሰው ለሁዳዴ አንዲት መዝሙር ይዞ እንዲደርስ። የክራርን ወቅት አንተ ታውቃለህ።

ሎጎውን ደግሞ ተወው። ካልሆነልህ አረንጓዴውን። አሮጌው ግን ይሻል ነበር።