ፒኤችፒማይአድሚን ሩትን አላስገባም ሲልህ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ኡቡንቱ (የሊኑክስ አይነት) ሰርቨር ተከራይተህ ማይኤስኪውኤል የሚባለውን ዳታቤዝና እሱን በብራውዘር የምታስተዳድርበትን ፒኤችፒማይአድሚን ጭነሃል፣ በሩት፣ ማለትም ሁሉን በሚያዘው ዋና አካውንት፣ ልግባ ስትል ግን 1698 «አክሰስ ዲናይድ» (መግባት ተከልክሏል) ይልሃል። 900 ሜጋ የዳታቤዝ ፋይል ኢምፖርት ላድርግ ስትልም «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎሃል። ከጥያቄህ ስር ደግሞ ሰዎች «ሩትን በፓስወርድ እንዲሆን ቀይረውና ግባ» ብለውሃል። ይሰራል፣ አልዋሽህም። ግን ባታደርገው ይሻላል።

ሲጀመር የተበላሸ ነገር የለም። ዛምፕ (ላፕቶፕ ላይ ዌብ ሰርቨርና ዳታቤዝ በአንዴ የሚጭነው ፓኬጅ) ነው ያስለመደን። ዛምፕ ሩትን ያለ ምንም ፓስወርድ ይሰጥሃል፣ ገጹን ከፍተህ ዘው ነው። ላፕቶፕህ ላይ የክላስ ፕሮጀክት ለመስራት እሰየው። ኡቡንቱ ላይ ግን የማይኤስኪውኤል ሩት የሚታወቀው በፓስወርድ አይደለም። ኦውዝ ሶኬት የሚባል ፕለጊን አለ፤ እሱ የሚያየው የመጣው የሊኑክስ ዩዘር ማን እንደሆነ ብቻ ነው። ተርሚናል ላይ ሱዶ ማይኤስኪውኤል ብለህ (ሱዶ በሊኑክሱ ሩት ስም ያስኬድልሃል) ስትገባ በሩትነትህ ያውቅሃልና ምንም ሳይጠይቅ ያሳልፍሃል። ፒኤችፒማይአድሚን ደግሞ የሚሰራው አፓቺ በሚባለው ዌብ ሰርቨር ስር፣ ደብሊውደብሊውደብሊው ዳታ በሚባል ዩዘር ስም ነው። ስለዚህ የፈለግከውን ፓስወርድ ብትጽፍ ኦውዝ ሶኬት ከነጭራሹ አያየውም። 1045 ቢልህ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፣ ያኔ ፓስወርድ ተሳስተሃል ማለት ነው።

«የፒኤችፒማይአድሚን አድሚን አካውንት የት ነው የሚፈጠረው?» ላልከው፣ የትም። የራሱ ዩዘር የለውም። የጻፍክለትን ስምና ፓስወርድ ተቀብሎ ለማይኤስኪውኤል ያቀብላል፣ በቃ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚደናገረው።

እና እንዲህ አድርግ። በሱዶ ማይኤስኪውኤል ግባና በክሪኤት ዩዘር አዲስ ዩዘር ፍጠር። ስሙ አድሚን አይሁን፣ ሩትም አይሁን። ከስሙ ቀጥሎ የምትጽፈው ሆስት (ዩዘሩ የሚመጣበት ማሽን) ሎካልሆስት ይሁን፣ ያው ሰርቨሩ ራሱ ማለት ነው። ቱቶሪያል ላይ % አድርገው የሚያሳዩህ አሉ፣ እሱ «ከየትም ይምጣ» ማለት ነው፣ አያስፈልግህም፤ ፒኤችፒማይአድሚኑ እዚያው ሰርቨር ላይ ነው ያለው። ደግሞ አንድ ስም በሎካልሆስትና በ% ከፈጠርክ ማይኤስኪውኤል እንደ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነው የሚቆጥራቸው፤ የአንዱን ፓስወርድ ቀይረህ «አልቀየረም» ብለህ ግማሽ ቀን ልትጨቃጨቅ ትችላለህ።

ከዚያ ግራንት፣ ማለትም ለዩዘሩ መብት መስጠት። ሁሉንም ዳታቤዝ የሚያዝ አካውንት አንድ ብቻ ይኑርህ፣ ለራስህ። ዌብሳይትህ የሚጠቀምበት ዩዘር ግን የራሱን ዳታቤዝ ብቻ ይንካ። ይሄን ከገጹም ትሰራዋለህ፦ ዩዘር አካውንትስ የሚለው ታብ ውስጥ አዲስ ዩዘር ስትጨምር፣ በዚያው ስም ዳታቤዝ ፈጥሮ ሙሉ መብት የሚሰጥ ቼክቦክስ አለ። እሱን ቲክ አድርግ፣ ከታች ያለውን ግሎባል ፕሪቪሌጅ የሚባለውን ሰንጠረዥ ግን ባዶውን ተወው። ብዙ ሰው እዚያ ላይ «ቼክ ኦል» ይጫንና ለአንድ ትንሽ ብሎግ ሙሉ ሰርቨሩን ያስረክባል። ታቡ ጭራሽ ካልታየህ የገባህበት አካውንት ዩዘር የማስተዳደር መብት የለውም ማለት ነው።

ሌላ የማየው ነገር፦ ስትጭነው ፓኬጁ ራሱ ፒኤችፒማይአድሚን የሚባል ዩዘር ይፈጥራል። ሰው ሲጨንቀው ለዚህ ዩዘር ሙሉ ግራንት ሰጥቶ በሱ ይገባል። ተው! ያ ዩዘር ለፕሮግራሙ የውስጥ ስራ ነው፣ ቡክማርክና ሂስትሪ ለማስቀመጥ፤ ፓስወርዱም ኢቲሲ በሚባለው የሰርቨሩ ማስተካከያዎች ፎልደር ውስጥ ፋይል ላይ በግልጽ ተጽፎ ነው የሚቀመጠው።

የፒኤችፒማይአድሚንን ኮንፊግ (ማስተካከያ) ፋይል በተመለከተ፣ ዋናውን አትነካካ። ኢቲሲ ስር ፒኤችፒማይአድሚን ውስጥ ኮንፍ ዲ የሚባል ፎልደር አለ፤ በፒኤችፒ የሚያልቅ የራስህን ፋይል እዚያ ብትጨምር መጨረሻ ላይ ያነበዋል፣ አፕዴት ስታደርግም አይጠፋብህም። እዚያ ላይ «አላው ሩት» (ሩትን አስገባ) የሚለውን ፎልስ፣ ማለትም ዝግ፣ አድርገው። ነገ አንዱ የስራ ባልደረባህ ሩትን በፓስወርድ ቢቀይረው እንኳ በገጹ በኩል አያስገባም። «አላው ኖ ፓስወርድ» (ያለ ፓስወርድ አስገባ) ደግሞ ሲጀመርም ፎልስ ነው፣ እንደዚያው ይቆይ። ከፓኬጅ ሳይሆን ዚፕ አውርደህ የጫንክ ከሆነ ብሎውፊሽ ሲክሬት (ኩኪውን የሚያመሰጥርበት ቁልፍ) የሚለው ቦታ ላይ 32 ካራክተር የዘፈቀደ ጽሑፍ አስገባ፤ የኡቡንቱ ፓኬጅ ግን ራሱ ይሞላልሃል። 24 ደቂቃ ሳትነካው ስትቆይ የሚያስወጣህም እዚሁ ኮንፊግ ላይ ሎግኢን ኩኪ ቫሊዲቲ የሚባለው ነው፣ 1440 ሰከንድ ስለተሞላ። ማርዘም ከፈለግክ የፒኤችፒውን የሴሽን እድሜም አብረህ አርዝም፣ አለዚያ ዋጋ የለውም።

አሁን ዋናው። ገጹን ለዓለም ክፍት አትተወው። የአፓቺን ሎግ (የጎብኚዎች መዝገብ) ከፍተህ ብታይ ፒኤችፒማይአድሚን የሚለውን አድራሻ የሚሞክሩ ቦቶች (አውቶማቲክ ፕሮግራሞች) መዓት ናቸው። አድራሻውን መቀየር ጫጫታውን ይቀንሳል፣ ጥበቃ ግን አይባልም። በአይፒ መገደብ የሚሉህም አሉ፤ በሞባይል ዳታ የምትሰራ ከሆነ አይፒህ ስለሚቀያየር ራስህን ውጭ ትዘጋለህ። እኔ የማደርገው አፓቺ ላይ በዚያ ፎልደር «ሪኳየር ሎካል» (ከሰርቨሩ ራሱ የመጣ ብቻ ይግባ) የሚል መስመር ጨምሬ በኤስኤስኤች ቶነል፣ ማለትም ከላፕቶፔ እስከ ሰርቨሩ በተመሰጠረ መስመር፣ መግባት ነው። የላፕቶፕህን ፖርት 8888 ከሰርቨሩ ፖርት 80 ጋር ታገናኛለህ፣ ከዚያ ብራውዘር ላይ ሎካልሆስት 8888 ብለህ ከኋላው የፒኤችፒማይአድሚኑን አድራሻ ጨምረህ ትከፍታለህ። ለሰርቨሩ ከራሱ የመጣህ ትመስለዋለህ፣ ፓስወርድህም በኤስኤስኤች ውስጥ ተመስጥሮ ይሄዳል። ቶነል ለማያውቁ ሰዎች መክፈት ግድ ከሆነብህ ግን ያለ ኤችቲቲፒኤስ እንዳትሞክረው፣ የአፓቺን ቤዚክ ኦውዝም (ገጹ ከመከፈቱ በፊት የሚጠየቅ ሌላ ስምና ፓስወርድ) ከፊቱ ጨምር።

በነገራችን ላይ ገጹ 404 (አልተገኘም) ለሚልባችሁ ሌሎች፦ ስትጭኑት «የትኛው ዌብ ሰርቨር» ሲል አፓቺ ላይ የቆመ ይመስላል እንጂ አልተመረጠም። ስፔስ ተጭናችሁ ኮከቧ ስትታይ ነው ኢንተር የሚባለው። ሳይመርጥ ያለፈ ሰው ዲፒኬጂ ሪኮንፊገር ፒኤችፒማይአድሚን ብሎ ጥያቄውን ይድገመው።

ስለ ኢምፖርቱ፣ ፋይሉ ትልቅ ነው ያለህ የፒኤችፒ የራሱ ገደብ 2 ሜጋ ስለሆነ ነው። ፒኤችፒ ዶት አይኤንአይ የሚባለው የፒኤችፒ ማስተካከያ ፋይል ላይ የአፕሎድና የፖስት መጠኑን ሁለቱንም ከፍ አድርግ፣ የአፓቺ ፎልደር ውስጥ ያለውን እንጂ የሲኤልአዩን (ለተርሚናል የሚያገለግለውን) አይደለም፣ ከዚያ አፓቺን ሪስታርት። ያንተ ግን 900 ሜጋ ነው ስላልክ በብራውዘር አትልፋ፣ ተርሚናል ላይ በማይኤስኪውኤል ኮማንድ ቀጥታ አስገባው።